ሕዝብ የኢኮኖሚ እርምጃን በምን ይመዝናል? «ትደግፋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

መንግሥት አንድ የኢኮኖሚ ውሳኔ ባሳለፈ ማግስት ጋዜጠኞቻችን ማይክ ይዘው ጎዳና ይወጣሉ። አንዱ «ኑሮ ከበደን» ይላል፣ ሌላው «ለነገ ይጠቅማል ተብሏል፣ እንታገሥ» ይላል፣ ሦስተኛው ስሙን ሳይናገር ያልፋል። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ «የሕብረተሰቡ አስተያየት ተለያየ» ተብሎ ይወጣል። ከዚህ ዘገባ አንባቢውም ውሳኔ ሰጪውም የሚይዘው ነገር የለም። ሰው የሚፈርደው በውሳኔው ስም ላይ አይደለምና። የሚፈርደው ሸክሙ መጀመሪያ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ፣ ማካካሻው ከዋጋው ቀድሞ ይሁን ተከትሎ እንደመጣ፣ የተባለው መፈጸሙንም ራሱ ማረጋገጥ ይችል እንደሆነ አይቶ ነው። እነዚህን ሳይነግሩ አስተያየት መጠየቅ የእቃውን ዋጋ ደብቆ «ትገዛለህ ወይ?» እንደማለት ነው። ይህን በቅርቡ ባየናቸው እርምጃዎች ላይ በቁጥር ላሳይ፣ ከዚያም እንዴት መጠየቅ እንደሚሻል ልጠቁም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፣ በማግስቱም የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከሃምሳ ሳንቲም አይሞላም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ለጠፈ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ፣ በ2017 አጋማሽ 125 ብር አካባቢ ደረሰ። እንግዲህ «ብር መዳከሙን ትደግፋለህ?» ብለን መንገደኛ ብንጠይቅ ምን ማለታችን ነው?

መልሱ እቃው ቀድሞ በየትኛው ዶላር እንደተተመነ ይለያያል። መርካቶ ውስጥ የሚሸጠው ስልክ፣ ጫማ፣ የመኪና መለዋወጫና ኮስሞቲክስ አብዛኛው ከለውጡ በፊትም ቢሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ተሰልቶ ይሸጥ ነበር፤ ያ ምንዛሪ ደግሞ ከ110 ብር በላይ ነበር። ለእነዚህ እቃዎች የባንኩ ዋጋ ወደ ጥቁር ገበያው መጠጋቱ በራሱ ብዙ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ጨምሮ ከተገኘ ምክንያቱ በአመዛኙ ስጋትና ግምት ነው። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ብዙ መድኃኒት ግን በባንክ ምንዛሪ ይገቡ ስለነበር፣ የባንኩ ዋጋ በእጥፍ ሲያድግ የግዥ ወጪያቸው በእጥፍ ያድጋል። ልዩነቱን መንግሥት በድጎማ ካልሸፈነው ሸማቹ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የስኳር በሽታ መድኃኒት በየወሩ የሚገዛ ሰውና ስልክ ለመቀየር ያሰበ ሰው አንዱን ውሳኔ እየኖሩት የደረሰባቸው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሳቸውን መደመር ትርጉም የለውም።

«ሕዝቡ» የሚለው ቃል ሌላም ነገር ይሸፍናል። ልጇ ቤሩት ወይም ሪያድ ሠርታ በወር 200 ዶላር በባንክ የምትልክላት እናት ቀድሞ 11,400 ብር ገደማ ትቀበል ነበር፤ ምንዛሪው 125 ሲገባ 25,000 ብር ትቀበላለች። ጅማ ወይም ሲዳማ ቡና የሚለቅም ገበሬ፣ ነጋዴው የዶላሩን ጭማሪ ወደ እሸት ቡናው ዋጋ ካወረደለት ይጠቀማል፤ ካላወረደለት ለማዳበሪያና ለዘይት የሚከፍለው ብቻ ይጨምርበታል። ትርፍ ጤፍ የሚሸጥና ጤፍ ገዝቶ የሚበላ ገበሬም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። የወር ደመወዝተኛው ግን በብር ተቀጥሮ፣ በብር ተከራይቶ፣ ከውጭ በሚመጣ እቃ የሚኖር ነው፤ ለእሱ ከዚህ ውሳኔ ቶሎ የሚመለስ ነገር የለም። ዕቁብተኞች እንኳ ይለያያሉ። በሁለት ዓመት ዕቁብ ውስጥ መጀመሪያ እጣ የወጣለት ሰው ብሩ ሳይረክስ ማቀዝቀዣውን ገዝቷል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ያንኑ ብር ይቀበላል፣ ማቀዝቀዣው ግን አይገዛለትም። መዋጮው እኩል፣ ድርሻው እኩል፣ የተለየው ተራው ብቻ ነው። የቅደም ተከተል ጉዳይ ከብሩ መጠን ያላነሰ ክብደት አለው የምለው ለዚህ ነው።

ነዳጅን እንውሰድ። በመስከረም 2017 መጨረሻ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ወጣ። ጭማሪው 10 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ ሚኒባስ ታክሲ እናስብ። በቀን 12 ሊትር ይቀዳል፤ ጭማሪው 124 ብር ገደማ ይሆናል። 20 ጊዜ ሞልቶ በእያንዳንዱ 12 ሰው ቢጭን 240 ተሳፋሪ ነው። ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው 52 ሳንቲም ነው። ታሪፉ በዚያው ሰሞን በሁለት ብር ወይም በአምስት ብር ቢጨምር፣ ተሳፋሪው «ነዳጁን ሰበብ አደረጉት» ማለቱ ከሒሳብ የራቀ አይደለም።

ግን ሙሉው እውነት ይህ ብቻ አይደለም። ባለ ታክሲው በዚያው ጊዜ ጎማ፣ ባትሪ፣ የሞተር ዘይትና የፍሬን ሸራ የሚገዛው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ ካለ ደግሞ ከ20ው ምልልስ አራቱን ወይም አምስቱን ሰልፍ ይበላበታል። ምልልሱ ወደ 15 ሲወርድ ተሳፋሪው 180 ይሆናል፤ የነዳጁ ወጪ በመጠኑ ቢቀንስም የመኪናው ኪራይ፣ የረዳቱ ድርሻና የዕለት ገቢው ለ180 ሰው ይካፈላል። ታሪፍ ሲጨምር ይህ ሒሳብ በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ መናኸሪያ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ተሳፋሪውና ሹፌሩ እርስ በርስ ከመጠራጠር ይድኑ ነበር። እስካሁን የሚለጠፈው የታሪፍ ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ከምን ተነሥቶ እዚያ እንደተደረሰ አይነገርም።

በ1966 የካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌሮች ያደሙት የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ ታሪፋቸው ባለበት ስለቀረ ነበር፤ በዚያ ወር የመምህራኑና የሌሎች ጥያቄ ተደምሮ ያስከተለውን ሁሉም ያውቃል። ናይጄሪያ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የቤንዚን ድጎማን በአንድ ሌሊት አንሥታ ሊትሩ ከ65 ወደ 141 ናይራ ሲዘል አገር አቀፍ አድማ ተነሣ፤ መንግሥት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ 97 ናይራ መለሰው። ኢራን ደግሞ በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. የኃይል ድጎማን ከማንሣቷ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል ገደማ አስባ በአባወራው የባንክ ሒሳብ ውስጥ አስገባች። ገንዘቡ ይታያል፣ ግን አይወጣም፤ ማውጣት የሚቻለው ዋጋው በጨመረበት ቀን ነው። የቤንዚን ዋጋ በብዙ እጥፍ አድጎም በዚያ ጊዜ የተፈራው ዓይነት ረብሻ አልተነሣም። ኋላ ላይ ግሽበት ያንን ገንዘብ እየበላው ሄዷልና ኢራን ምሳሌ ልትሆነን ይገባል እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ልብ ይባልልኝ፤ ሰው ማካካሻውን በዓይኑ አይቶ ነው ዋጋውን የተቀበለው።

እኛ ጋ ምንዛሪው የተለቀቀው ሐምሌ 2016 ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ የተጀመረው ከጥቅምት 2017 ነው። የደመወዝ ግብር የተቀነሰው ከሐምሌ 2017 ነው። ሁለተኛው የደመወዝ ጭማሪ የመጣው ከመስከረም 2018 ነው። ሁሉም መጥተዋል፤ ሁሉም የመጡት ግን ከዋጋው በኋላ ነው። ሠራተኛው በመሀል የነበሩትን ወራት በብድር፣ በዱቤ፣ ልጁን ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በማዛወር ነው ያለፋቸው። ጭማሪው ሲመጣ የምስጋና ድምፅ ያልሰማው ባለሥልጣን «ሕዝቡ አይረካም» ቢል፣ የሳተው የወራቱን ቆጠራ ነው።

የመጀመሪያውን ጭማሪ በደመወዝ እርከን ላይ እንየው። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ነበር የተደረገው። በዚያን ጊዜ በነበረው የግብር ሠንጠረዥ የ1,100 ብር ደመወዝተኛ 50 ብር ግብርና 77 ብር ጡረታ ከፍሎ 973 ብር ይዞ ይገባ ነበር። 4,760 ሲሆንለት ግብሩ 649 ብር ከ50፣ ጡረታው 333 ብር ከ20 ይሆናል፤ እጁ የሚገባው 3,777 ብር ከ30 ነው። ለዚህ ሠራተኛ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ማንም አይክደውም። ከፍተኛው እርከን ላይ ያለው ግን 1,024 ብር ተጨመረለት ተባለ፤ ግብርና ጡረታ ሲቀነስ እጁ የገባው 593 ብር ከ92 ሳንቲም ነው። ሁለቱን ሰዎች «የደመወዝ ጭማሪውን እንዴት አያችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ «አስደሳች» ሌላው «ስድብ» ቢላችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ የከፍተኛ እርከን ሰዎች ስለሆኑ ቅሬታው ጎልቶ የተሰማው ከእነሱ ነው። መስከረም 2018 ላይ ከፍተኛው ወደ 39,000 ብር እንዲወጣ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻውም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንዲያድግ መደረጉ ይህ ቅሬታ መሠረት እንደነበረው ያሳያል።

የግብሩ ማሻሻያም እንዲሁ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል የ4,760 ብር ደመወዝተኛ ግብሩ ከ649 ብር ከ50 ወደ 452 ብር ወረደለት፤ 197 ብር ከ50 ተረፈው። የ21,492 ብር ደመወዝተኛ ከ6,022 ብር ከ20 ወደ 5,472 ብር ከ20 ወረደለት፤ 550 ብር ተረፈው። በብር ካየነው ብዙ ያተረፈው ባለ ከፍተኛው ደመወዝ ነው። በመቶኛ ካየነው ዝቅተኛው ደመወዙን 4 በመቶ ያህል ሲያተርፍ ከፍተኛው ያተረፈው ሁለት ተኩል በመቶ ገደማ ነው። «ለድሃ ያደላ ነው» የሚለውም «ለባለ ከፍተኛው ደመወዝ ያደላ ነው» የሚለውም ከአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው የሚያነቡት። በዕለት ሥራ የሚኖረውን፣ ጉሊት የምትሸጠውን፣ የግል ቤት ጠባቂውን ደግሞ የደመወዝ ጭማሪውም የግብር ቅነሳውም አይነኩትም። አገራችን የግሉን ዘርፍ የሚገዛ ብሔራዊ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም፤ ስለዚህ የመንግሥት ጭማሪ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚደርሰው አሠሪው ከፈለገ ብቻ ነው። ዋጋ ግን ለሁሉም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ አለመግባባት አለ። «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲወጣ አንባቢው «የት አገር ነው የቀነሰው?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1,000 ብር ይሞላ የነበረ አስቤዛ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 1,300 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ ቢጨምር 1,560፣ በሦስተኛው 14 በመቶ ቢጨምር 1,778 ብር ከ40 ይሆናል። ግሽበቱ ከ30 ወደ 14 ወርዷል፤ አስቤዛው ግን አንድ ብር አልወረደም። ዜናው ላይ «ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ» ብሎ መጻፍና ከጎኑ ይህን ዓይነት አንድ መስመር ማስገባት ጋዜጣውን የሚያስወጣው ነገር የለም፤ አንባቢው በቁጥሩ ላይ ያለውን እምነት ግን ያተርፋል።

ሕዝብ በብዛት የሚጠይቀው እርምጃ የዋጋ ቁጥጥር ነው። «መንግሥት ነጋዴውን ይቆጣጠርልን» የማይል ሸማች አላገኝም፤ ስሜቱም የሚገባ ነው። ግን ይህንንም ሞክረነዋል። በነሐሴ 2002 መጨረሻ የዶላር ዋጋ ከ13 ብር ተኩል ገደማ ወደ 16 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ወጣ። ዋጋ ሲንር በ2003 መንግሥት ዘይትና ስኳርን ጨምሮ በመሠረታዊ እቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ወዲያውም እቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ሰልፍ መጣ፤ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ።

የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ በአንድ ጀሪካን ዘይት እንየው። ቸርቻሪው ጀሪካኑን በ900 ብር ገዝቶ በ960 ይሸጥ ነበር እንበል። ጣሪያው 930 ተብሎ ተወሰነ። ሰው «በ900 የገዛኸውን በ930 ብትሸጥ 30 ብር ታተርፋለህ፣ ምን ቀረብህ?» ይለዋል። ነጋዴው ግን የሚያስበው የገዛበትን ዋጋ ሳይሆን መልሶ የሚተካበትን ነው። አከፋፋዩ ቀጣዩን ጀሪካን 950 ብር ካለው፣ በ930 ሸጦ 20 ብር ከኪሱ ጨምሮ ሊተካ ነው፤ ትራንስፖርት ሳይቆጠር። ስለዚህ ያለውን ይዞ ይቆያል፣ ወይም ለሚያውቀው ደንበኛ ከጀርባ ይሸጣል፣ ወይም ዘይት መያዝ ይተዋል። ጣሪያው ችርቻሮው ላይ ብቻ ተጥሎ አስመጪውና አከፋፋዩ ሳይነካ ሲቀር ደግሞ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው የመጨረሻው ትንሽ ሱቅ ላይ ነው፤ የሚታሸገውም እሱ ነው። ቁጥጥር የሚሠራው መንግሥት ወይም የሸማቾች ማኅበራት በጣሪያው ዋጋ በበቂ መጠን እቃ ማቅረብ ሲችሉ ነው። ለአንድ ወረዳ በወር የሚያስፈልገው ዘይት 40,000 ሊትር ሆኖ ማኅበሩ ጋ የሚደርሰው 8,000 ሊትር ከሆነ፣ አምስት ሰው ሲሰለፍ አንዱ ብቻ ይገዛል። ሰልፉን የሚጠብቅ ጊዜ ያለውም ብዙ ጊዜ ድሃው ሳይሆን ጊዜውን የሚሸጠው ደላላ ነው።

የቤት ኪራዩ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከዚህ የተሻለ የታሰበበት ነው። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወጣ ገደብ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ተከራይ ይደግፈዋል፣ አከራይ ይቃወመዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። የሚደግፉት ተከራዮች ግን ውሉ ከመመዝገቡ በፊት አከራዩ የሁለት ዓመቱን ጭማሪ በመነሻው ዋጋ ላይ ደርቦ ቢያስፈርማቸውስ? «ውሉን አስመዝግባችኋል? የተመዘገበው ከምትከፍሉት ጋር አንድ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ዘገባ «ደስ ብሏችኋል?» ከሚለው ይልቅ ስለ አዋጁ እጥፍ ይነግረናል።

እንግዲህ ሕዝብን እንዴት እንጠይቅ?

መጀመሪያ ጋዜጦች በቴሌግራም ገጻቸው የሚያወጡትን ድምፅ መስጫ «የሕዝብ አስተያየት» ማለት ይተዉ። እዚያ የሚገኘው ኢንተርኔት ያለው፣ ያንን ገጽ የሚከታተል፣ ለመጫን የተነሣሣ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ሌሎች የሰጡትን እያየ ነው የሚመርጠው። መቶ ሺህ ሰው ቢጫነውም ይህ ጉድለት አይድንም። በአግባቡ በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ውጤት ከእውነተኛው ወዲያና ወዲህ እስከ 5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ሊስት ይችላል፤ 1,070 ያህል ሰው ከተጠየቀ ስሕተቱ ወደ 3 ነጥብ ይወርዳል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር አገራችን ውስጥ 2,400 ሰው የሚጠይቀው ስሕተቱን ወደ 2 ነጥብ ለማውረድ ነው። ከአንድ ሰፈር ብዙ ሰው መጠየቅ ግን ይህን ሒሳብ ያበላሻል፤ የአንድ ሰፈር ሰው ኑሮውም ሐሳቡም ይመሳሰላልና። ከአንድ ቦታ ስምንት ሰው ወስዶ ብዙ ቦታ መድረስ ከአንድ ቦታ 40 ሰው ከመውሰድ ይበልጣል።

በስልክ መጠየቅ ርካሽ ነው፤ የዓለም ባንክ ከ2012 ጀምሮ ቤተሰቦችን በስልክ ሲጠይቅ ቆይቷል። ስልክ የሌለው ገጠሬና ስልኩ በባሏ እጅ ያለ ሴት ግን ከዚህ ውጭ ይቀራሉ፤ ይህም በውጤቱ ላይ መጻፍ አለበት። ቤት ለቤት ሲሆን ከአንድ ቤት ማን እንደሚጠየቅ ጠያቂው መምረጥ የለበትም፤ የቤቱን አዋቂዎች ስም ጽፎ በዕጣ ያውጣ። አለበለዚያ በር የከፈተው አባወራ ብቻ ይጠየቃል፣ ገበያ የምትሄደውና የዘይቱን ዋጋ በሳንቲም የምታውቀው እናት ትቀራለች።

ትልቁ ችግር ፍርሃት ነው። ጠያቂው ከቀበሌ ሰው ጋር ደጃፍ ላይ ሲቆም መልሱ «ጥሩ ነው፣ እንደግፋለን» ይሆናል። ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው፤ አጃቢው ግን ከግቢ ውጭ መቅረት አለበት። ይህም ካልበቃ አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ተጠያቂዎቹን በዕጣ ለሁለት ትከፍላላችሁ። ለግማሾቹ አራት ዐረፍተ ነገር ታነባላችሁ፤ «የመብራት መቆራረጥ ያስመርረኛል» ዓይነት ማንም የማይፈራቸው። ለቀሩት እነዚያኑ አራቱን፣ አምስተኛ ዐረፍተ ነገር ጨምራችሁ ታነባላችሁ፤ «የነዳጅ ድጎማው መነሣቱን እቃወማለሁ» የሚል። ማንም ሰው የትኛው እንደሚመለከተው አይናገርም፤ ስንቱ እንደሚመለከተው ብቻ ቁጥር ይናገራል። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 1.9፣ የሁለተኛው 2.3 ከሆነ ልዩነቱ 0.4 ነው፤ ይህም ከመቶ 40ው ያህል ይቃወማል ማለት ነው። ማን እንደተቃወመ ግን ጠያቂውም አያውቅም። ዘዴው የሚበላሸው አራቱ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉም ሰው «አዎ» የሚላቸው ሲሆኑ ነው፤ ያኔ አምስት ያለ ሰው ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ብዙ ሰው «አይመለከተኝም» የሚለው ይሁን።

የጥያቄው ይዘትም ይለወጥ። «የድጎማ መነሣት» ብቻውን አይጠየቅ። ሁለት ሙሉ ጥቅል በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ይቅረብ። አንደኛው፦ ቤንዚን በአንድ ጊዜ 10 ብር ይጨምራል፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ከዋጋው ሁለት ወር ቀድሞ በየወሩ 1,000 ብር በቴሌብር ይገባለታል። ሁለተኛው፦ በየሦስት ወሩ 2 ብር ከ50 ይጨምራል፣ ማካካሻ የለም፣ ቀኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አስቀድሞ ይታወቃል። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እንዲጨምር የተደረገው በዚህ በሁለተኛው መልክ ነውና ሰው ያውቀዋል። «ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ?» ነው ጥያቄው። በሚቀጥለው ካርድ መጠኑ፣ ጊዜው፣ ተጠቃሚው በዕጣ ይቀያየራል። ለአንድ ሰው ከአምስት ጥንድ በላይ አታቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ ይሰለቸውና የግራውን እየመረጠ ይጨርሳል። ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይሠራ፤ የብር ኖት፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ማደያ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ የተዘጋጀው አንድ ዓይነት መረዳት መስጠቱ በትንሽ ቡድን ሳይሞከር ወደ መስክ አይውጣ። «አላውቅም» የሚለው መልስ አይነበብ፣ ከመጣ ግን ይጻፍ እንጂ ተጠያቂው ምርጫ እንዲሰጥ አይገደድ።

በዚህ መንገድ ከተጠየቀ ሰው የማይቀበለው ጭማሪውን ራሱን ይሁን ድንገተኛነቱን፣ የሚያሳስበው መጠኑ ይሁን የማካካሻው አለመታመን መለየት ይቻላል። የገንዘብ ሚኒስቴርም ሆነ ፓርላማው የሚያስፈልገው ይህ ነው። የአይስላንድ መራጮች የከሰረ ባንክ ዕዳ ይከፈል አይከፈል በሚለው ላይ በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። በመጀመሪያው ከ90 በመቶ በላይ እምቢ አሉ፤ የብድሩ ውል ተሻሽሎ በቀረበ ጊዜ እምቢ ያለው ወደ 60 በመቶ ወረደ። ጥያቄው ስለዚያው ዕዳ ነበር፤ የተለወጠው የውሉ ዝርዝር ነው፤ የመራጩም ድምፅ አብሮ ተለወጠ።

ከእናንተ የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። ከእንግዲህ ስለ ዋጋ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ድጎማ ዜና ስትሠሩ ከዜናው ሥር አንድ ቋሚ ሣጥን ይኑር፤ ውሳኔው የሚጸናበት ቀን፣ በሊትር ወይም በኪሎ ወይም በደመወዝ እርከን ላይ ስንት ብር እንደሚለወጥ፣ መጀመሪያ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ማካካሻ ካለ በስንት ቀን እንደሚደርስና በየት በኩል፣ ካልደረሰ አቤቱታ የሚቀርበው የትኛው ቢሮ እንደሆነ። ከመንግሥት መልስ ያልተገኘበት መስመር «መልስ አልተሰጠም» ተብሎ ባዶው ይታተም። ከሦስት ወር በኋላም ወደዚያው ሣጥን ተመልሳችሁ የተባለው ቀን ደርሶ ገንዘቡ መግባቱን አለመግባቱን ጽፋችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በማኅበራዊ ዳሰሳ ጥናት ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ